መድረኩን ትቶ ልጆች የሚያስተምረው ተዋናይ

ሰውየው ተዋናይ ነበር። አሁን መድረክ ላይ መውጣቱን ትቷል። መብላት ግን አለበት፣ እጁ ላይ ያለው ሙያ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆች ሰብስቦ ያንኑ ትወና ያስተምራል። ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፣ ከምእመናኑ ጋር ነው የሚውለው።

ጥያቄው እንግዲህ ይኼ ነው፦ ይህ ሰው ይቁረብ ወይስ አይቁረብ?

ለጨዋታ የፈጠርኩት ምሳሌ አይደለም። በ3ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሰሜን አፍሪካ ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ኤውክራጢዮስ የሚባል ጳጳስ ነገሩ ግራ ሲገባው ለካርቴጁ ጳጳስ ለቆጵርያኖስ ጻፈለት። ቆጵርያኖስም መለሰ። መልሱ በደብዳቤዎቹ ስብስብ ውስጥ 2ኛ ሆኖ እስከ ዛሬ ይነበባል። አጭር ናት፣ ቡናው እስኪፈላ ተነብባ ታልቃለች። የተዋናዩ ስም ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም።

በ256 ካርቴጅ ላይ 87 ጳጳሳት ድምፅ በሰጡበት ጉባኤ አንድ ኤውክራጢዮስ የቴኔ ከተማ ጳጳስ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የቴኔ ነው ተብሎ ይታሰባል። ቴኔ ዛሬ ቱኒዚያ ውስጥ፣ ከስፋክስ ከተማ ወደ ደቡብ ትንሽ ወረድ ሲሉ የምትገኝ ፍርስራሽ ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው። «በዓለም ኑሩ፣ ከዓለም ግን አትሁኑ» የሚለውን ስብከት ያልሰማ ክርስቲያን የለም። ሰባኪው ይናገራል፣ እልል እንላለን፣ ወደ ቤት እንሄዳለን። በማግስቱ ሥራ ስንገባ ግን ቃሉ ምን እንድናደርግ እንደሚፈልግ ብዙም አይገባንም። እዚህ ደብዳቤ ላይ ጥያቄው ደመወዝ፣ እንጀራና ልብስ ሆኖ መጣ። መልስ የሚሰጠው ሰውም ማምለጫ አልነበረውም።

ቃሉ መጀመሪያ የመጣው ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ነው። «ከዓለም እንድታወጣቸው አልለምንህም ከክፉ እንድትጠብቃቸው እንጂ» ይላል ክርስቶስ፣ ቀጥሎም «ከዓለም አይደሉም» ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው። አይወጡም፣ የእሷም አይደሉም።

እኛ አገር ከዓለም መለየት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ገዳም ነው። ቆብ፣ ዋሻ፣ ዋልድባ። «ዓለም በቃኝ» ብሎ መመነን። (አዲስ አበባ ይህን ስም ለእስር ቤት ነበር የሰጠችው። ቀልዳችን አንዳንዴ ይመራል።) የኛ ተዋናይ ግን በዚያ ዘመን ቢፈልግም የሚመንንበት ገዳም አያገኝም። የመነኮሳት አባት የምንላቸው አባ እንጦንስ ራሳቸው የተወለዱት በ251 ገደማ ነው። ስለዚህ ለሱም ሆነ ለጳጳሱ ያለው ምርጫ ከተማ ውስጥ ሆኖ መለየት ብቻ ነበር። ይኼ ደግሞ ከመመነን ይከብዳል ብል ብዙ መናኝ የሚቆጣኝ አይመስለኝም።

ከዚህ ደብዳቤ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ197 አካባቢ፣ እዚያው ካርቴጅ ውስጥ ጠርጡልያኖስ የሚባል ክርስቲያን ጸሐፊ ለሮማ ባለሥልጣናት የመከላከያ ጽሑፍ ጽፎ ነበር። ክሱ ክርስቲያኖች ለአገር የማይጠቅሙ፣ ሥራ የማይሠሩ ሰዎች ናቸው የሚል ነው። ምን ብሎ መለሰ? እኛ የህንድ ባሕታውያን አይደለንም፣ ጫካ አንኖርም፣ ከእናንተው ጋር ነን አለ። ገበያችሁ ውስጥ አለን፣ ሥጋ ቤታችሁ ውስጥ አለን፣ መታጠቢያ ቤታችሁ፣ ሱቃችሁ፣ የእንግዳ ማረፊያችሁ ውስጥ አለን። አብረናችሁ እንሳፈራለን፣ አብረን እንዘምታለን፣ እናርሳለን፣ እንነግዳለን። ጸሐፊው የማይታወቅ ለዲዮግኔጦስ የተላከ የግሪክ ጽሑፍም በሌላ አነጋገር እዚያው ይደርሳል። ክርስቲያኖች እንደ ሰው ሁሉ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ የወለዱትን ሕፃን ግን አውጥተው አይጥሉም። ማዕዳቸውን ለሁሉ ያካፍላሉ፣ አልጋቸውን ግን አይደለም። የባዕድ አገር ሁሉ አገራቸው ነው፣ አገራቸውም ሁሉ ባዕድ ነው።

እዚህ ላይ የሚመላለሰው የግሪክ ቃል በኛ መጽሐፍ ቅዱስ «መጻተኛ» የተባለው ነው። ከተማው ውስጥ ቤት ያለው፣ ሥራ ያለው፣ ግብር የሚከፍል፣ ዜግነት ግን የሌለው ሰው ማለት ነው። ዓረብ አገር በኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃድ፣ የኖረ ሰው ይሄን ቃል ማንም ሳያብራራለት ይገባዋል። ፈረንጆቹ ሰበካን «ፓሪሽ» የሚሉትም ከዚሁ ሥር ነው፣ የመጻተኞች ሰፈር እንደማለት።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያምራል። ችግሩ ጠርጡልያኖስ የዘረዘራቸው ቦታዎች ውስጥ ቲያትር ቤት የለም። ሆን ብሎ ነው ያስቀረው። ስለ ትዕይንቶች የጻፈው ሌላ መጽሐፍ አለው፣ እዚያ ውስጥ ክርስቲያን ለተመልካችነት እንኳ መግባት የለበትም ይላል።

ለምን? የዛሬውን ብሔራዊ ቲያትር አታስቡ። የሮማ ትዕይንት የአማልክት በዓል አካል ነው። ሰልፍ አለው፣ መሥዋዕት አለው፣ ለአንዱ ጣዖት የተሰጠ ነው። ሕዝቡ የሚሞትለት ትዕይንት ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ጭንብል አጥልቆ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ በእጁና በወገቡ አማልክቱንም ጀግኖቹንም ሴቶቹንም የሚሆንበት ነበር። ዘፋኞች ከጎኑ ታሪኩን ይሉለታል። የሚጫወተውም ብዙ ጊዜ የአማልክቱን ዝሙት ነው። ቆጵርያኖስ በደብዳቤው ስለ ሴት ልብስና ስለ ሰውነት መሰባበር ሲያወራ ይህን ዓይነቱን ጥበብ በአእምሮው ይዞ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሙያ በልጅነት ካልተጀመረ አይሆንም፣ ሰውነቱ ሳይጠና መታጠፍ አለበት። መምህር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የሚገርመው ሮማውያን ራሳቸው ተዋናይን ይንቁ ነበር። በመድረክ ላይ ያብዱለታል፣ በሕግ ፊት ግን ክብር የሌለው ሰው ነው። አውግስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18 ባወጣው የጋብቻ ሕግ የሴናተር ልጅ ተዋናይ ማግባት አይችልም። ጠርጡልያኖስ በዚህ ላይ ይስቅባቸዋል፣ የምትወዱትን ሰው ትቀጣላችሁ፣ ጥበቡን እያከበራችሁ ባለሙያውን ታዋርዳላችሁ ይላል። አዝማሪን ሠርጉ ላይ ጠርቶ፣ ብር ግንባሩ ላይ እየለጠፈ፣ ልጁን ግን ሞቶ የማይድርለትን የኛን የድሮ ሰው አስቡ። እንደዚያ ነው።

እንግዲህ ቴኔ ላይ ያለው ሰው ከሁለቱም ወገን የተገፋ ነው። መንግሥት ክብር አይሰጠውም፣ ቤተ ክርስቲያን ሙያውን አትፈልገውም። ለራሱ የሚያቀርበው መከራከሪያ ደግሞ ቀላል የሚባል አይደለም። ተውኩት እኮ! መድረክ ላይ አልወጣም፣ ጭንብል አላጠልቅም፣ ለጣዖት በዓል አልጨፍርም። የማስተምረው ብቻ ነው፣ ሌላ እንጀራ የለኝም።

ኤውክራጢዮስ በሩን ጥርቅም አድርጎ ያልዘጋበት ምክንያት ይገባኛል። ሕጉ ክፍተት ነበረው። በዚያ ዘመን ለጥምቀት የሚመጡ ሰዎች ሥራቸው ምን እንደሆነ ይጠየቁ ነበር። በሮማው አቡሊዲስ ስም በሚታወቀው ሐዋርያዊ ትውፊት በሚባለው ጽሑፍ ውስጥ ዝርዝሩ አለ። የጽሑፉ ባለቤት ማን ነው በሚለው ላይ ሊቃውንት ይከራከራሉ፣ ለኛ ግን ሩቅ አይደለም፣ ሲኖዶስ በሚባለው የግዕዝ የቀኖና መጽሐፍ ውስጥ ተተርጉሞ ከኛው ጋር የኖረ ነው። ዝርዝሩ ሴተኛ አዳሪ የሚያስተዳድር ሥራውን ይተው፣ አለዚያ አይቀበሉት ይላል። ቀራጭና ሠዓሊ ጣዖት እንዳይሠራ ይነገረው። ተዋናይ ይተው፣ አለዚያ አይቀበሉት። ሠረገላ ነጂ፣ ግላዲያተር፣ እንደዚሁ። ስለ ልጆች አስተማሪ ሲደርስ ግን ለስለስ ይላል። ቢተው መልካም ነው፣ ሌላ ሙያ ከሌለው ግን ይፈቀድለት።

አያችሁ ነገሩን? ተዋናይ አይፈቀድም። ሌላ ሙያ የሌለው መምህር ይፈቀዳል። የኛ ሰው ሌላ ሙያ የሌለው የትወና መምህር ነው። ዝርዝሩን ቴኔ ላይ በእጃቸው ይዘውት ነበር እያልኩ አይደለም፣ ግን እንዲህ ዓይነቱ አስተሳሰብ በየቦታው እንደነበረ ያሳያል፣ ሰውየውም ልክ በሁለቱ መካከል ባለችው ስንጥቅ ውስጥ ነው የቆመው።

የጠርጡልያኖስን መልስ ብንጠይቅ ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ስለ ጣዖት አምልኮ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ጣዖት የሚሠሩ ክርስቲያን ባለሙያዎች ይመጡበታል። ሌላ መኖሪያ የለንም ይሉታል። የጳውሎስንም ቃል ይጠቅሱለታል፣ እያንዳንዱ በተጠራበት ይኑር የሚለውን። የሰጣቸው መልስ ጆሮ ያቃጥላል፦ ታዲያ መኖር ግድህ ነው? ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ እምነት ረኃብን አይፈራም ይላል።

ይህን ያነበበ ሰው ጠርጡልያኖስን ድንጋይ ልብ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ልክ አይደለም። እዚያው መጽሐፍ ላይ ድንገት ሥራ አፈላላጊ ደላላ ሆኖ ቁጭ ይላል። ለሳኝ ነህ? ጣራ ጠግን፣ ግድግዳ ለስን። ከእንጨት የጦርነት አምላክ መቅረጽ ከቻልክ ቁም ሳጥን መገጣጠም ምኑ ያቅትሃል? በወርቅ የምትለብጥ ከሆነ የወርቅ ጫማ የሚፈልገው ሰው የወርቅ ጣዖት ከሚፈልገው ይበልጣል። ዋጋው ይቀንስ ይሆናል፣ ደንበኛው ግን ይበዛል። እውነቱን ለመናገር ዛሬ ሥራ ልቀይር ብሎ ለሚጨነቅ ሰው የሚሰጠው ምክር ከዚህ ብዙም አይሻልም።

ግን የተዋናይ ቁም ሳጥኑ የቱ ነው? የቀራጩ ሙያ መዶሻውና እንጨቱ ላይ ነው፣ እንጨቱን ቀይሮ ሌላ ነገር ይሠራል። የተዋናዩ ሙያ ገላው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አጥንቱ የታጠፈው ለአንድ ነገር ነው። የጠርጡልያኖስ ምክር ለሱ አይሠራም።

ቆጵርያኖስ ጠርጡልያኖስን በየቀኑ ነበር የሚያነበው። የቤተ ክርስቲያን ሊቁ ጀሮም እንደጻፈው፣ መጽሐፉን ሲፈልግ ጸሐፊውን «መምህሩን ስጠኝ» ይለው ነበር። ስለዚህ ደብዳቤውን ከፍቶ የሚያነብ ሰው «መኖር ግድህ ነው?» የሚለው እንደገና እንደሚመጣ ይጠብቃል። የደብዳቤው የመጀመሪያ ግማሽ ይህን ግምት አያሳፍርም። አይቁረብ፣ ይላል በአጭሩ። እንዲህ ያለው ነውር የቤተ ክርስቲያንን ክብር ያረክሳል። ኦሪት ወንድ የሴት ልብስ እንዳይለብስ ከልክላለች፣ መልበሱ እርግማን ከሆነ ወንድን እንደ ሴት እንዲሆን ማሠልጠን ምን ሊባል ነው?

ከዚያ ወደ ዋናው መከራከሪያ ይመጣል፣ እኔ እሱን በጣም እወደዋለሁ። ተዋናዩ አቁሜያለሁ ይላል፣ ግን አላቆመም። በቦታው ምትክ የሚያስቀምጥ ሰው ሥራውን አቆመ አይባልም። ይባስ ብሎ ስለ አንድ ራሱ ብዙ ሰው ነው የተካው። አንድ ተዋናይ ከመድረክ ወረደ፣ አሥር ሊወጣ ነው።

በዚህ ላይ የሚከራከረው ያለ አይመስለኝም። ሥራው ክፉ ነው ብሎ ካመነ ለሌላው ማስተማር የለበትም። ቆጵርያኖስ እዚህ ቢያቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍም አልጽፈውም ነበር። መከልከል ማንም ይችላል።

ከመሐል ላይ ግን «ድህነትን ምክንያት ካደረገ» ይላል። ያኔ ደብዳቤው ዘወር ይላል። ችግር አለብኝ ካለ፣ ቤተ ክርስቲያን ከምትረዳቸው ከሌሎቹ ጋር ይረዳ። ምግቡ ቀለል ያለ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው፣ በሱ ይብቃው። አንድ ነገርም ያክላል፦ ኃጢአት ለማቆም ደመወዝ የሚከፈለው እንዳይመስለው። የሚጠቅመው ለኛ ሳይሆን ለራሱ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ቆጵርያኖስ ከዚህ በፊት በዚህ በኩል ተቃጥሎ ያውቅ ይሆን እንዴ አልኩ። ካልከፈላችሁኝ እመለሳለሁ የሚል ሰው ሳያጋጥመው አልቀረም።

ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። የቴኔ ቤተ ክርስቲያን አቅም ከሌላት ወደኛ ይምጣ። ካርቴጅ ይምጣና ምግቡንም ልብሱንም እዚህ ይቀበል። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚገድል ነገር ከሚያስተምር፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያድን ነገር ይማር።

ከስፋክስ እስከ ካርቴጅ ዛሬ በመኪና ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቆጵርያኖስ የራሱ አገረ ስብከት ያልሆነን ሰው፣ አይቶት የማያውቀውን ሰው፣ ሥራውን አስፈትቶ ወጪውን በራሱ ማዕድ ላይ ጫነ። ልዩነቱ ይኼ ነው። ጠርጡልያኖስ ጣዖት ሠሪውን ረኃብን እንዳይፈራ ነገረው። ቆጵርያኖስ በረኃቡ ላይ ድርሻ ወሰደ።

ይህን ማለት የቻለው ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ስለነበራት ነው፣ በቅንነት ብቻ አይደለም። ጠርጡልያኖስ የቤተ ክርስቲያኑ የመዋጮ ሳጥን እንዴት እንደሚሠራ ጽፏል። በወር አንድ ቀን እያንዳንዱ የቻለውን ይጥላል፣ ግዴታ የለም። ከዚያ ላይ ለድሆች ምግብና ቀብር፣ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች፣ ላረጁ አገልጋዮች፣ መርከብ ለሰመጠባቸው፣ በማዕድን ጉድጓድና በእስር ቤት ላሉት ይወጣል። በ251 የሮማ ጳጳስ ቆርኔሌዎስ በጻፈው ደብዳቤ ከተማው ውስጥ ከ1,500 በላይ መበለቶችና ችግረኞች በቤተ ክርስቲያን ይረዱ ነበር። ካርቴጅም ቀላል አልነበረችም። በ253 ገደማ ከካርቴጅ በስተ ምዕራብ ባለችው ኑሚድያ ውስጥ በወራሪዎች የተማረኩ ክርስቲያኖችን ለማስለቀቅ ቆጵርያኖስ ከምእመናኑ 100,000 ሴስተርስ (የሮማ ገንዘብ ነው) ሰብስቦ ልኳል። አንድ ተዋናይ ማብላት እንግዲህ ለእንዲህ ያለች ቤተ ክርስቲያን ምንም አይደለም።

አሁን የማልወድለትን ልናገር።

አንደኛ ሰውየውን ማንም አልጠየቀውም። ሁለት ጳጳሳት ስለሱ ይጻጻፋሉ። ደብዳቤው ስለሱ ነው፣ ለሱ አይደለም። ልጆቹስ? ቆጵርያኖስ ያጠፋቸዋል፣ ያበላሻቸዋል ይላል፣ መምህሩ ሲሄድ እነሱ የት እንደሚወድቁ ግን አንድ ቃል አይልም። እንዲህ ያለ ሙያ ከሚማሩት ልጆች ውስጥ ብዙዎቹ ባሪያዎች ነበሩ፣ ጌታቸው ሌላ መምህር ይፈልግላቸዋል።

ሁለተኛው ይከብዳል። ከሁሉም ሰው ቆጵርያኖስ ይህን ሰው ሊረዳው ይገባ ነበር፣ ምክንያቱም እሱም የተወው ሥራ መምህርነት ነው። በ246 ገደማ ከመጠመቁ በፊት ካርቴጅ ውስጥ የንግግር ጥበብ የሚያስተምር ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። ተወው። ግን ሲተው መሬት ነበረው፣ ሀብት ነበረው። ሕይወቱን የጻፈው ዲያቆኑ ጶንጥዮስ እንደሚለው ንብረቱን ሸጦ ለድሆች ሰጠ፣ የአትክልት ቦታውንም ሸጠው፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ግን ተመልሶ ወደ እጁ ገባ። ለተዋናዩ የሚመለስለት የአትክልት ቦታ የለም። ደግሞም የቆጵርያኖስ የንግግር ጥበብ አልጠፋችም፣ ስብከትና ደብዳቤ ሆና ቀጠለች። እሱ ቁም ሳጥኑን አግኝቷል። ሌላው ግን ከመበለቶቹ ጋር ተሰልፎ ዳቦ ይቀበል ተባለ፣ መምህር የነበረ ሰው።

የባሰው ደግሞ ቆጵርያኖስ ከዚህ የተሻለ ያውቅ ነበር። በ250 ዳኬዎስ ንጉሠ ነገሥት ስደት ሲያስነሳ ተደብቆ በነበረበት ጊዜ እንኳ ለመበለቶች፣ ለበሽተኞችና ለድሆች፣ ለእንግዶችም ጭምር ከራሱ ገንዘብ እንዲሰጥ ይጽፍ ነበር። በ251 ደግሞ ወኪሎች ልኮ የምእመናኑን ችግር እንዲያዩ አደረገ፣ ሙያቸውን መሥራት የሚፈልጉ ካሉም የሚበቃቸውን ያህል እንዲጨመርላቸው አዘዘ። መነሻ ካፒታል ማለት ነው! ለሌላው ሰው መነሻ ገንዘብ ያሰበ ጳጳስ ለተዋናዩ ምሳ ብቻ ነው ያሰበለት። ምናልባት ገላው ሌላ ምን ሊሠራ እንደሚችል አልታየው ይሆናል፣ ወይም ሙያው በጣም ስለቆሸሸበት የሚተርፍ ነገር ያለ አልመሰለውም።

እንዲያም ሆኖ ከኛ ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ የስፖርት ውርርድ ቤት በየመንደሩ የነበረበትን ጊዜ አስቡ። እዚያ መስኮት ላይ ተቀምጣ ትኬት የምትቆርጥ አንዲት ልጅ ንስሐ አባቷ ጋ ሄዳ አባ፣ ይሄ ሥራ ይፈቀዳል ወይ ብትል ምን የምትባል ይመስላችኋል? ተዪው ልጄ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ያውቃል፣ ጥርጥር የለውም። የቤት ኪራዩን የሚጠይቀው አከራይ ግን ይሄንን አያውቅም። ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር የመጣ ሰው ሲሆን ደግሞ አዳራሽ ሙሉ እናጨበጭብለታለን፣ ከሦስት ወር በኋላ ምን በልቶ እንደሚያድር የሚጠይቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ወደ ዘፈኑ ሲመለስ ነው እንግዲህ ሁላችንም ስለሱ የምናወራው።

የኤውክራጢዮስ ጥያቄ ከዚያ በኋላ በየጉባኤው ተመላልሷል። በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ስፔን ውስጥ በኤልቪራ የተሰበሰቡት ጳጳሳት ሠረገላ ነጂና ተዋናይ ለማመን ቢፈልጉ መጀመሪያ ሙያቸውን ይካዱ፣ ከዚያ ይቀበሏቸው፣ ከተመለሱ ይባረሩ ብለው ወሰኑ። በ314 በዛሬዋ ፈረንሳይ የተደረገው የአርል ጉባኤም ተዋናዮች መድረክ ላይ እስካሉ ድረስ ከቁርባን ይለዩ አለ። ሁለቱም ቀኖናዎች አጫጭር ናቸው። ስለ ምግብና ስለ ልብስ አንድም ቃል የላቸውም። ጉዳዩ ደብዳቤ ሆኖ ሲመጣ ሰው ነበረው፣ ቀኖና ሲሆን ሰውየው ወጣ።

ቆጵርያኖስ ራሱ በ258 መስከረም 14 ካርቴጅ ውስጥ በሰይፍ ተገደለ። ሊይዙት ሲመጡ ያገኙት እዚያው በተመለሰለት የአትክልት ቦታው ነው። ከመሞቱ በፊት ለሰያፊው 25 የወርቅ ሳንቲም እንዲሰጠው አዘዘ። ለገዳዩም የሥራውን ዋጋ አስቦለታል።

ከዚያ ሌላ መቶ ዓመት አለፈ። ነገሥታቱ ክርስቲያን ሆኑ፣ ቲያትሩ ግን አልተዘጋም፣ ሕዝቡ ትዕይንቱን ይፈልጋል፣ መንግሥትም የሚፈልገው ሕዝቡ ዝም እንዲል ነው። ስለዚህ ተዋናይነት እንደ ግዳጅ ሥራ ሆነ፣ በቃኝ ብሎ መውጣት በሕግ ቀረ። በ371 የወጣ አንድ የንጉሠ ነገሥት ሕግ አለ። ተዋናይ ሞት አፋፍ ላይ ደርሶ ምሥጢራትን ከተቀበለ፣ ከዚያም እንደ አጋጣሚ ከዳነ፣ ወደ መድረክ በግድ አይመለስም ይላል። ማታለል እንዳይኖር ግን ቁርባኑ ከመሰጠቱ በፊት ለዳኛ ወይም ለከተማው ሹም ይነገር፣ ሰውየው እውነት ሊሞት መሆኑን የሚያዩ መርማሪዎች ይላኩ። ቴኔ ላይ የነበረው ሰው ከትወና ለመውጣት የሚጠበቅበት ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ካርቴጅ መንገድ መጀመር ነበር። የነዚህኞቹ መውጫ ግን መርማሪው አልጋቸው አጠገብ ቆሞ «አዎ፣ ይኼኛው አይተርፍም» እስኪል መጠበቅ ሆነ።